የወረርሽኝ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለልጆች፦ ቶሎ ማስከተብ፣ መጠበቅ ወይስ መተው? ለሰሜን ሸዋ ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

አዲስ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሲያዳርስ ክትባቱ ሁልጊዜ ከበሽታው ኋላ ነው የሚደርሰው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተነሳው ኤች1ኤን1 ቫይረስ በኤፕሪል ታወቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ጁን 11 ቀን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ አወጀ፤ የመጀመሪያዎቹ ክትባቶች ፈቃድ ያገኙት በሴፕቴምበር ነው። ያውም በጥቂት አገሮች። በድርጅቱ በኩል ለ77 አገሮች የተከፋፈለው 78 ሚሊዮን ገደማ ክትባት የተዳረሰው በ2010 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ኦገስት 10 ቀን ወረርሽኙ አበቃ ተባለ። ብዙ ቦታ ክትባቱ የደረሰው ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ያለ ወላጅ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች አሉበት። አንደኛው ክትባቱ ሲመጣ የሚወሰነው ነው። ሌላው ዛሬ፣ ወረርሽኝ በሌለበት፣ በቀበሌው ጤና ኬላ የሚወሰነው ነው። ሰው የሚከራከረው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ግን የልጅን ሕይወት በማትረፍ ከመጀመሪያው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። እሱን ከዚህ በታች ለብቻው እናየዋለን።

ውሳኔውን የሚለውጡት ሦስት ጥያቄዎች

የመጀመሪያው፦ ቫይረሱ ልጆች ላይ ምን ያህል ይከፋል? ወረርሽኝ ሁሉ አንድ አይደለም። የ2009ኙ በአብዛኛው ልጅ ላይ እንደ ከባድ ጉንፋን አልፎ የሄደ ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ዓመት በዓለም ላይ ከ151,700 እስከ 575,400 ሰው እንደገደለ ይገመታል፣ ከሟቾቹም 80 በመቶ ያህሉ ከ65 ዓመት በታች ነበሩ። በሌላው ጫፍ ያለው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ኤች5ኤን1 ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎችን ይዞ 6ቱን ገድሏል፤ ከ2003 ወዲህ በምርመራ ከተረጋገጠባቸው ሰዎችም ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። እንዲህ ያለው ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ መተላለፍ ከጀመረ የክትባቱ ጥቃቅን ስጋት ጉዳይ ሆኖ አይነሳም። የ2009 ዓይነት ከሆነ ግን ቁጭ ብሎ ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፦ የመጣው ክትባት የትኛው ዓይነት ነው? «የወረርሽኝ ክትባት» የሚባል አንድ ዕቃ የለም። ሦስት አራት ዓይነት አለ፤ ጠባያቸውም ይለያያል።

ሦስተኛው፦ ቤታችሁ ኦክስጅን ካለበት ቦታ ስንት ሰዓት ይርቃል? የውጭ አገር ጽሑፎች ይህንን አያነሱትም፤ ለእኛ ግን ትልቁ ነው። በኢንፍሉዌንዛ የሚሞት ልጅ በአብዛኛው የሚሞተው በሳንባ ምች፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ ልጅ ሌሊት ትንፋሹ ቢከብደው በባጃጅ ሆስፒታል ይደርሳል። ከግሼ ራቤል ገጠር ወይም ከመርሐቤቴ ቆላ፣ ከጀማ ሸለቆ ዳር የሚነሳ ልጅ ግን ቃሬዛ፣ መንገድ፣ መኪና፣ አንዳንዴም የተዘጋ መንገድ ይጠብቀዋል። አንድ ዓይነት ክትባት፣ አንድ ዓይነት ቫይረስ ሆኖ እንኳ የእነዚህ ሁለት ልጆች ሚዛን እኩል አይደለም። ከኦክስጅን በራቃችሁ ቁጥር ሚዛኑ ወደ መከተብ ያዘነብላል። በዚህ ላይ ደግሞ ከፍታው አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመንዝ ብዙው ክፍል ከዚያም ይበልጣል። ደገኛ ልጅ ጤነኛ ሆኖ እንኳ የጣት ኦክስጅን መለኪያው ላይ ከሸዋ ሮቢት ልጅ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ያኔ ሳንባው ሲታመም የሚቀረው ትርፍ አነስተኛ ነው።

ቶሎ ማስከተብና «ሰው ሲከተብ ልየው» ማለት ሲነጻጸሩ

ቶሎ ማስከተብ የሚሰጠው ጥቅም በጊዜ ይለካል። ክትባቱ መከላከያ የሚያበጀው ከተወጋ 2 ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለና ከዚህ በፊት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወስዶ የማያውቅ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መጠን ያስፈልገዋል፤ በመካከሉም 4 ሳምንት ይቆያል፣ አንዳንዱ ዓይነት 3 ሳምንት። ሲደመር አንድ ትንሽ ልጅ ከመጀመሪያው መርፌ እስከ ሙሉ መከላከያው 6 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። የኢንፍሉዌንዛ አንድ ማዕበል በአንድ አካባቢ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው የሚቆየው። በሽታው ትምህርት ቤቱ ከገባ በኋላ ክትባት የጀመረ ልጅ ማዕበሉን የሚያሳልፈው ግማሽ ተከላክሎ ነው።

መጠበቅ ስንፍና አይደለም፤ ግን ምን ለማየት እንደምትጠብቁ እወቁ። የጎረቤት ልጅ ተከትቦ ሁለት ሳምንት ማየት ስለ ትኩሳትና ስለ ክንድ ሕመም ይነግራችኋል። ስለ ብርቅዬው ጉዳት ምንም አይነግራችሁም። ከ50,000 አንድ ልጅ ላይ የሚደርስ ጉዳት በአንድ ወረዳ 10,000 ልጆች ቢከተቡ እንኳ አንድም ላይታይ ይችላል። የዚህ ዓይነቱ ነገር የሚታወቀው በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ፣ መዝገብ በሚያገናኙ አገሮች፣ ከወራት በኋላ ነው።

በመካከል ያለው ጉዳት ግን በመጠበቅ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 አውስትራሊያ ውስጥ ፍሉቫክስ የሚባለው የወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከ5 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ከተለመደው እጅግ የበለጠ የትኩሳት መንቀጥቀጥ አስከተለ። ዘመቻው በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ በኤፕሪል፣ ለዚያ ዕድሜ እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱ የዚያ ፋብሪካ አመራረት ነበር፤ የሌሎች አምራቾች ክትባት ያንን አላሳየም። ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር፦ ክትባቱ ሌላ አገር ልጆች ላይ ቢያንስ ለ2 ወር ከተሰጠ በኋላ ወደ እኛ የመጣ ከሆነ፣ መጠበቁን ሌሎች ጠብቀውላችኋል። ድሃ አገር ኋላ መድረሱ ያለችው አንዲት ጥቅም ይህች ናት።

መጠበቅ የሚያዋጣው እንግዲህ እንዲህ ሲሆን ነው፦ ቫይረሱ ልጅ ላይ ቀላል መሆኑ ታውቋል፤ ልጃችሁ ከ5 ዓመት በላይና ጤነኛ ነው፤ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ የመጣው ክትባት ደግሞ ልጆች ላይ ገና ያልተሰጠ አዲስ ዓይነት ነው። አራቱም ከተሟሉ አንድ ወር መጠበቅ ምክንያት አለው። አንዱ ከጎደለ የእኛ ምርጫ መከተብ ነው።

ጨርሶ መተው፣ በመድኃኒት መተማመን

«ቢታመም አሳክመዋለሁ» የሚል ወላጅ ብዙ ነው። ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጠው መድኃኒት ኦሰልታሚቪር ይባላል። በደንብ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ለልጅ በክብደቱ ተለክቶ በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል። ችግሩ ግልጽ ነው፦ እናት «ትንሽ ልየው» ብላ ሁለት ቀን ካሳለፈች፣ ሦስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ከደረሰች፣ መድኃኒቱም እዚያ ከሌለ ሰዓቱ አልፏል። አሞክሳሲሊን ደግሞ ቫይረሱን አይነካም፤ የሚጠቅመው በላዩ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ሲጨመርበት ነው። መድኃኒት ከክትባት ጋር ሊደረብ ይችላል፣ በክትባት ፋንታ ግን አይቆምም።

ጦስኝ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጉሮሮ ያለሰልሳሉ፤ ለትልቅ ልጅ ክፋት የላቸውም። ማር ግን ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በምንም መልኩ አይሰጥ፤ ቦቱሊዝም የሚባል ሽባ የሚያደርግ መመረዝ ያመጣል። ሳል ጸናበት ተብሎ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ደም መፍሰስና ቁስል ያስከትላል እንጂ ለሳንባ ምች አይፈይድም፤ ብዙ ሕፃን ወደ ሆስፒታል ዘግይቶ የሚደርሰው በዚህ ነው።

ከክትባት ውጪ ያለው ቁም ነገር ያለው አማራጭ ቤቱን መከላከል ነው፦ ትልልቆቹን ማስከተብ፣ የታመመ ሰው ሕፃን እንዳያቅፍ ማድረግ፣ ከኩበት ጭስ ልጅን ማራቅ። በደጋው ጎጆ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ምድጃ ሥር ይውላል፤ ጭሱ የመተንፈሻ አካሉን መከላከያ ያዳክማል። መስኮት ወይም የጭስ መውጫ መክፈት ነፃ ነው። ጻድቃኔ ማርያምም ሆነ ሸንኮራ ዮሐንስ ለፀበል የምትሄዱ በወረርሽኝ ወቅት የራሳችሁን ኩባያ ያዙ። ፀበልና ክትባት አይጣሉም፤ ተከትቦ መጠመቅም፣ ተጠምቆ መከተብም ይቻላል።

የክትባቱ ዓይነቶች

የሞተ ቫይረስ ያለበት መርፌ፣ ማጎልበቻ (ሰውነትን አጥብቆ የሚያነሳሳ ተጨማሪ ፈሳሽ) የሌለው። ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣል። በሽታውን ሊያስይዝ አይችልም፤ ውስጡ ያለው ቫይረስ የተገደለና የተሰባበረ ነው። ለረጅም ዓመታት በብዙ ልጆች ላይ የተሰጠ በመሆኑ ጠባዩ በደንብ ይታወቃል፦ የተወጋበት ቦታ መቅላትና ማበጥ፣ አንድ ሁለት ቀን ቀለል ያለ ትኩሳት። ድክመቱ፣ እንደ ኤች5ኤን1 ላለ ሰውነት ጨርሶ ለማያውቀው ቫይረስ የሚያስነሳው መከላከያ አነስተኛ መሆኑ ነው።

ማጎልበቻ ያለበት መርፌ። ዘይት ያለበት ነጭ ፈሳሽ ተጨምሮበት ሰውነት አጥብቆ እንዲነሳሳ ያደርጋል። ለዚህ ነው አምራቾች በትንሽ ቫይረስ ብዙ ሰው የሚያስከትቡት፦ በ2009 ማጎልበቻ የሌለው መርፌ 15 ማይክሮ ግራም ሲፈልግ፣ ፓንደምሪክስ የተባለው 3.75 ማይክሮ ግራም ብቻ ነበር የያዘው። ክትባት ሲያጥር የሚከፋፈለው ይህ ዓይነት ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል። ክንድ ላይ የበለጠ ያማል፣ ትኩሳቱም ይበረታል፣ በተለይ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ።

በአፍንጫ የሚረጭ፣ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ። ከ2 ዓመት በላይ ላሉ ብቻ። መርፌ ለሚፈራ ልጅ ይመቻል፣ ትንንሽ ልጆችም ላይ ጥሩ ይሠራል። አስም ላለበት ወይም ደረቱ ሲር ሲር ለሚል ትንሽ ልጅ፣ የመከላከል አቅሙ ለተዳከመ፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ከኩፍኝ ክትባት ጋር በአንድ ቀን ካልተሰጠ በመካከላቸው 4 ሳምንት መቆየት አለበት። የሞተው መርፌ ግን ከማንኛውም ክትባት ጋር በአንድ ቀን፣ በሌላኛው ጭን ወይም ክንድ ሊሰጥ ይችላል።

ምርጫ ካላችሁ፦ ለጤነኛ ልጅ፣ መካከለኛ ክብደት ላለው ወረርሽኝ፣ ማጎልበቻ የሌለውን መርፌ እንመርጣለን። ለገዳይ ቫይረስ ማጎልበቻ ያለው ይሻላል። ምርጫ ከሌላችሁና ወረርሽኙ ከባድ ከሆነ፣ የተገኘውን። የሚሻለውን ስትጠብቁ ማዕበሉ ይደርሳል።

የሚወሩት ጉዳቶች፣ በቁጥር

ናርኮሌፕሲ እውነት ነው። በ2009 እና በ2010 በፓንደምሪክስ ከተከተቡ ሕፃናትና ወጣቶች መካከል ጥቂቶቹ ቀን ቀን በድንገት እንቅልፍ የሚጥል፣ ሲስቁ ጉልበት የሚያከዳ ዘላቂ የነርቭ ሕመም ያዛቸው። ነገሩ በመጀመሪያ ጎልቶ የወጣው ፊንላንድና ስዊድን ውስጥ በኦገስት 2010 ነው። እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ስሌት ከ55,000 ክትባት አንድ ያህል ሆኖ ተገኘ። የታመሙት የተወሰነ የዘር ምልክት የያዙ ናቸው። የሚገርመው፣ ቻይና ውስጥ ክትባቱን እምብዛም ባልወሰዱ ሰዎች ላይም ከቫይረሱ ማዕበል በኋላ ናርኮሌፕሲ ጨምሮ ታይቷል፤ ቫይረሱ ራሱም ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም። ያ ክትባት ዛሬ በገበያ ላይ የለም። ማጎልበቻ ያለው ሁሉ ናርኮሌፕሲ ያመጣል ማለት ግን አይደለም፤ በሌላ ማጎልበቻ የተሠሩት ያንን ጉዳት አላሳዩም።

ጊላን ባሬ የሚባለው እግርና እጅ የሚያዝል ሕመም እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ 45 ሚሊዮን ያህል ሰው ለአሳማ ኢንፍሉዌንዛ ሲከተብ ከ100,000 አንድ ያህል ጭማሪ አሳየ፤ አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። የተፈራው ወረርሽኝ ደግሞ ሳይመጣ ቀረ። የ1976ቱ ታሪክ የሚያስተምረው ከመርፌው በፊት የበሽታውን መምጣትና ክፋት ማረጋገጥ ነው።

ድንገተኛ ከባድ አለርጂ ከ1 ሚሊዮን ክትባት አንድ ሁለት ላይ ይደርሳል። የሚመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ከተከተባችሁ በኋላ 15 ደቂቃ እዚያው ተቀመጡ፤ ልጁ ከዚህ በፊት አለርጂ ካለበት 30 ደቂቃ። የእንቁላል አለርጂ ለመርፌው እንቅፋት መሆኑ ቀርቷል። ለብዙ ሰው በሚበቃ ብልቃጥ ውስጥ የሚጨመረው ቲሜሮሳል ደግሞ ከሰውነት በፍጥነት የሚወጣ የሜርኩሪ ዓይነት ነው፤ ልጆችን ይጎዳል የሚለው በተደጋጋሚ ተጠንቶ አልተገኘም።

አሁኑኑ ጤና ኬላ ያለው

በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገር ሲፈጅ፣ በዓለም ዙሪያ ካለቀው ሰው አብዛኛውን የገደለው ቫይረሱ ብቻውን አልነበረም፤ በተጎዳ ሳንባ ላይ የተደረበ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ነበር። ከነዚያ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹን የሚከላከሉ ክትባቶች ዛሬ በየጤና ኬላው በነፃ ይሰጣሉ። ፒሲቪ የሚባለው ክትባት ኒሞኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ፣ ፔንታ የሚባለው ደግሞ ከሌሎቹ አራት በሽታዎች ጋር ሂብ የተባለውን ባክቴሪያ ይከላከላሉ፤ ሁለቱም በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣሉ። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ነው፤ ኩፍኝ የልጅን መከላከያ አሟጦ ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በአገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ስለሌለ ዛሬ ጤና ኬላ ሄዳችሁ አታገኙትም። እነዚህን ግን ታገኛላችሁ።

በተግባር የሚጎድለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ነው። እናት ለመጀመሪያው ትመጣለች፣ ሕፃኑ ያተኩሰዋል፣ አዝመራ ይደርሳል፣ ቀጠሮው ይረሳል። ካርዱን አውጡና እዩ፦ የ14 ሳምንቱና የ15 ወሩ ሳጥን ባዶ ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩዋት። ያለፈው አይደገምም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ስለ ወረርሽኝ ክትባት ሌሊቱን ሲከራከር አድሮ የልጁ ፒሲቪ ያልተሟላ ወላጅ ክርክሩን ከኋላ ነው የጀመረው። (በነገራችን ላይ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል ሕፃናትን ከጭሱ አርቁ፤ የዚያ በሽታ መታሰቢያ ሳንባቸውን መጉዳት የለበትም።)

በክትባቱ ቀን የሚበላሹ ነገሮች

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል፤ መቀዝቀዝ ይወዳል፣ በረዶ መሆን ግን ይገድለዋል። በቆላ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው። በመንዝና በጣርማ በር ደጋ ግን፣ ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት ወቅት፣ ትልቁ ስጋት ብርዱ ነው፦ ከማቀዝቀዣ የወጣ የበረዶ ከረጢት ላቡ ሳይወጣ ወደ ክትባት መያዣው ሲገባና ብልቃጡ ሲነካው ክትባቱ በረዶ ይሆናል። ብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት፣ ማለትም በክብ ውስጥ ያለው ትንሽ ካሬ፣ የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ነው። ካሬው ከዙሪያው ፈካ ካለ ክትባቱ ይሠራል፤ እኩል ከጠቆረ ወይም ከባሰ ይጣላል። በረዶ መሆኑን ግን አይናገርም። በረዶ የሠራ ብልቃጥ ከቀለጠም በኋላ አይወጋም።

ማጎልበቻ ያለው ክትባት በሁለት ብልቃጥ ሊመጣ ይችላል፤ አንዱ ቫይረሱ፣ ሌላው ዘይቱ። ፓንደምሪክስ እንዲህ ነበር፦ 2.5 ሚሊ ሊትር በ2.5 ሚሊ ሊትር ተቀላቅሎ 10 መጠን ይወጣዋል፣ ከተቀላቀለ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል ወይም ይደፋል፤ ለትልቅ ሰው 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ግማሹ፣ 0.25። በችኮላ የሚፈጠረው ስህተት አንዱን ብልቃጥ ብቻ መውጋት ወይም ለሕፃን የትልቅ ሰው መጠን መስጠት ነው። ስለዚህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፦ «እህቴ፣ ይሄ ለእሱ ዕድሜ ስንት ነው የሚሰጠው? ሁለተኛውስ መቼ ነው?» መልሱን፣ የክትባቱን ስምና የብልቃጡን ተከታታይ ቁጥር ካርዱ ላይ አስጽፉ። በኋላ ጥያቄ ቢነሳ የሚፈለገው ያ ቁጥር ነው።

ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን መርፌው ጭኑ ላይ፣ በውጭው በኩል ይወጋል፤ መቀመጫ ላይ አይወጋም። ቀለል ያለ ጉንፋን፣ ንፍጥ፣ ትንሽ ትኩሳት መከተብን አያስቀሩም፤ «አሁን ብርድ ነክቶታልና ይቆይ» የሚለው ብዙ ልጅ ሳይከተብ የቀረበት ሰበብ ነው። የሚያስቀረው ከበድ ያለ ሕመም ወይም ለቀደመው መጠን የታየ ከባድ አለርጂ ነው። ከመርፌው በፊት ፓራሲታሞል አትስጡ። ትኩሳት ከመጣ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ በቂ ነው፦ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፣ ጠርሙሱ ላይ 120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር የሚል ከሆነ፣ 5 ሚሊ ሊትር። የሽሮፑ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጽሑፉን ሳታዩ በማንኪያ አትለኩ። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገናኝ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ሕመም ያመጣል።

ከ2 ቀን ያለፈ ትኩሳት በክትባቱ አይሳበብ። ቀወትን፣ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን በመሰለ ቆላ ደም አስወግቶ ወባ ማስመርመር ይቀድማል።

ተከተበም አልተከተበ ይህን እወቁ

ልጁ ሲተኛ ወይም ሲረጋጋ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እያያችሁ ሙሉ 1 ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታይ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከደነዘዘ ጠዋት አይጠበቅም፣ ሌሊቱን ይወሰድ። በወረርሽኝ ወቅት መኪና ስለሚያጥር ኦክስጅን ያለው የቅርቡ ሆስፒታል የት እንደሆነና ማን እንደሚያደርሳችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ዓለም ከተማና አጣዬ ሆስፒታል አለ፤ ከቤታችሁ የሚቀርበው በካርታ የሚቀርበው ላይሆን ይችላል፣ በክረምት የሚያልፈው መንገድ ይወስነዋል።

ለየት ያሉ ሁኔታዎች

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የሚሆን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የለም። የእሱ ክትባት እናቱ ነች፦ ነፍሰ ጡር ሳለች የሞተውን መርፌ ከወሰደች መከላከያው በእትብት ያልፍለታል፤ ከተወለደም በኋላ ጡቷ ያግዘዋል። ብትታመም እንኳ እጇን ታጥባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ጡቷን ታጥባው።

የተጎዳ ልጅ፣ ማለትም የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ፣ «ይጠንክር» ተብሎ አይዘገይ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚከተበው እሱ ነው። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ኤችአይቪ ያለበትም እንዲሁ፤ ለእነሱ መርፌው እንጂ የአፍንጫው አይሆንም። ቀደም ሲል በትኩሳት ተንቀጥቅጦ የሚያውቅ ልጅ ይከተባል፤ ግን ለሙያተኛው ንገሩና የመጀመሪያውን ሌሊት ሙቀቱን ተከታተሉ።

«ልጄ ይዞት ድኗል» የሚል ወላጅ በላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ በቀር ልጁን ያስከትብ። በወረርሽኝ ወቅት የሚያስል ሁሉ ያው በሽታ አይደለም፣ ይዞት የዳነውን መከተብም ጉዳት የለውም።

ክትባቱ ጥቂት መጥቶ ከቤቱ ሁሉም የማይደርሰው ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ነፍሰ ጡሯ፣ ከ6 ወር በታች ያለውን የሚያቅፍ ሰው፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ልጅ፣ ከዚያ ከ5 ዓመት በታች ያሉት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት የሚውሉት። የአብነት ተማሪ የሆነ ወንድም ካለ፣ በአንድ ጎጆ ብዙ ሆነው ስለሚያድሩ፣ ከተማሪዎቹ ጋር ይቆጠር፤ ወደ ቤት ለበዓል ሲመጣ በሽታውን ይዞ የሚገባው እሱ ሊሆን ይችላል።